ሱቄን ሰበሩብኝ፣ ህጉ ምን ይላል? ወሎ ላይ ለሚነግዱ ሰዎች፤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቪትሪን ይሰበራል። ታፔላ ይገነጠላል። የጀበና ቡና ሸራ በምላጭ ይቀደዳል፣ የሱቅ በር ላይ ቀለም ይደፋል፣ የጁስ ቤቱ ወንበር ተሰባብሮ ቦይ ውስጥ ይገኛል። ባለቤቱ ጠዋት መጥቶ ያያል፣ ስብርባሪውን ይጠርጋል፣ "አላህ ይየው" ወይም "ለእግዜር ሰጥቻለሁ" ይልና ስራውን ይጀምራል። ከደሴ እስከ ወልድያ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ባቲ ይሄን የሚል ነጋዴ ብዙ ነው። ትዕግስቱን አከብራለሁ። የሚያንገበግበኝ ግን ብዙዎቹ ዝም የሚሉት ህጉ ለትልልቅ ድርጅቶች ብቻ የተጻፈ ስለሚመስላቸው መሆኑ ነው።

ከታች ያሉት ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ በዋናነት ከወንጀል ህጉ የተወሰዱ ናቸው፤ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ ስራ ላይ የዋለው ማለቴ ነው። ጉዳያችሁ ከበድ ያለ ከሆነ ጠበቃ ማማከሩ አይቀርም።

የአንዲት ትንሽ ሱቅ መስታወት መስበር በእውነት ወንጀል ነው? ካሳ ከፍሎ የሚያልቅ አይደለም እንዴ?

ወንጀል ነው። የወንጀል ህጉ አንቀጽ 689 የሌላን ሰው ንብረት አስቦ ማጥፋት፣ ማበላሸት ወይም ከጥቅም ውጭ ማድረግን ያስቀጣል። "አስቦ" የምትለዋን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ህጉ የሱቁን ስፋት አይጠይቅም። ፒያሳ ላይ ያለ ባለ መስታወት ቡቲክም ሆነ ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ በአራት እንጨት የቆመች ዳስ፣ ንብረት ንብረት ነው። ንግድ ፈቃድ የለኝም ብላችሁ የምትፈሩም አላችሁ። የፈቃዱ ጉዳይ ለብቻው ከሚመለከተው መስሪያ ቤት ጋር የምትጨርሱት ነው፤ ፈቃድ ስለሌላችሁ ማንም ተነስቶ ሸራችሁን የመቅደድ መብት አያገኝም። ጉልት የምትሸጥ እናት ዘንቢሏን ቢረግጡባት ንብረቷ ነው የተበላሸው።

ቅጣቱ ስንት ነው?

በአንቀጽ 689 መደበኛው ቅጣት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ቀላል እስራት በህጉ አንቀጽ 106 መሰረት በመደበኛነት ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። መቀጮ ደግሞ ለግለሰብ በአንቀጽ 90 ከ10 ብር እስከ 10,000 ብር ድረስ ነው። በዛሬ ዋጋ 10,000 ብር ምን ያህል መስታወት እንደሚገዛ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ ይሄ ጣሪያ አንሷል ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መቀጮው የሚገባው ለመንግስት ነው፣ ለእናንተ አይደለም። ዳኛው "5,000 ብር ተቀጥቷል" ሲል ደስ ብሏችሁ ቤት ሄዳችሁ ብትጠብቁ የሚመጣ ብር የለም። የእናንተ ካሳ ለብቻው የሚጠየቅ ነው።

ቅጣቱን የሚያከብዱ ሁኔታዎች አሉ። አንቀጽ 84 በሌሊት የተፈጸመን፣ ሁከት ወይም አደጋ ተገን ተደርጎ የተፈጸመን፣ በመሳሪያ ወይም በኃይል የተፈጸመን፣ ከሌሎች ጋር ተስማምቶ በቡድን የተፈጸመን ወንጀል እንደ ማክበጃ ይቆጥረዋል። ሱቅ የሚሰበረው መቼ እንደሆነ አስቡት። መብራት በጠፋ ሌሊት፣ ግርግር በተነሳ ቀን፣ አምስት ስድስት ሆነው። ስለዚህ አቤቱታ ስታቀርቡ "ሱቄ ተሰበረ" ብላችሁ አትጨርሱት። ሰዓቱን፣ ስንት እንደነበሩ፣ ምን እንደያዙ ተናገሩ። ጉዳቱ ከበድ ሲል አንቀጽ 690 ስለ ከባድ የንብረት ጉዳት ይደነግጋል፤ እዚያ ላይ ነገሩ ወደ ጽኑ እስራት ሊሻገር ይችላል። ጽኑ እስራት ማለት መነሻው 1 ዓመት የሆነ ነው።

በሌላ በኩል አጥፊው ከልቡ ተጸጽቶ ጉዳቱን ከካሰ በአንቀጽ 82 ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። ከአንቀጽ 190 ጀምሮ ባለው ደንብ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን በገደብ ሊያቆየው ይችላል፤ ማለትም በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ጠባዩን ካሳመረ አይታሰርም። ለቀላል ጥፋት በእስር ፋንታ የግዴታ ስራ ማሰራትም አለ፣ አንቀጽ 103 ላይ። እውነቱን ለመናገር መስታወት የሰበረ ጎረምሳ እስር ቤት ተቀምጦ የባሰ ነገር ተምሮ ከሚወጣ ሰርቶ ቢከፍል እኔ እመርጣለሁ።

"3 ወር" የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ አንብባችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄን አንብቡ።

በአንቀጽ 689 ስር የሚወድቅ ጉዳይ በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ነው። ትርጉሙ ተበዳዩ ራሱ ወይም ህጋዊ ወኪሉ ቀርቦ "ተበድያለሁ፣ ይከሰስልኝ" ካላለ ፖሊስም ዐቃቤ ህግም በራሳቸው አይሄዱበትም። ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቅ፣ የቀበሌው ሚሊሻ በዓይኑ ቢያይ፣ እናንተ አቤት ካላላችሁ ጉዳይ የለም።

አቤቱታው ደግሞ ጊዜ አለው። አንቀጽ 213 ተበዳዩ ወንጀሉን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ እንዲያቀርብ ይላል። እኔ ለሰው የምመክረው ቀላል ነው፤ ከተሰበረበት ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ፣ ያን ካደረጋችሁ ማንም "አለፈብህ" አይላችሁም።

አሁን እኛ ሀገር የሚሆነውን ልንገራችሁ። ጥቅምት 5 ተሰበረ እንበል። "በሽማግሌ ይለቅ" ይባላል። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ሽማግሌ ቀብር ይሄዳሉ። በሚቀጥለው አጨዳ ነው ይባላል። ከዚያ የልጁ አጎት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃል፣ አጎቱ ሲመጣ ደግሞ ገና ደርሷል፣ በበዓል ጠብ አይነሳም ይባላል። ጥር 5 ሲሆን 3 ወሩ አለቀ። ጥር 10 ላይ የልጁ ቤተሰብ "እኛ የምንከፍለው የለም" ብሎ ይነሳል። እናንተ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ መዝገብ ሹሙ ቀኑን ያያል፣ አንገቱን ይነቀንቃል። ያ ቤተሰብ አስቦበት ያዘገየ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ለእናንተ ግን ውጤቱ ያው ነው።

"ጉዳቱ ከባድ ስለሆነ አቤቱታ አያስፈልገውም" ብሎ የሚመክራችሁም ይኖራል። የትኛው አንቀጽ እንደሚጠቀስ የሚወስነው ዐቃቤ ህግ ነው፣ መካሪያችሁ አይደለም። እናንተ በጊዜው አቅርቡ።

ሽማግሌ ገብቷል፤ አሁን ሄጄ ብከስ ነውር አይሆንብኝም?

ይሄ ጥያቄ ከሁሉም ይከብደኛል፣ ምክንያቱም የሚጠይቁኝ ሰዎች ህግ ስለማያውቁ ሳይሆን ጎረቤት ስለሚያውቁ ነው የሚጠይቁት። ወሎ ላይ እርቅ ትልቅ ነገር ነው። አበጋሮች፣ ማለትም ባላንጣ የሚያስታርቁት የሀገር ሽማግሌዎች፣ ስንት ደም አድርቀዋል። ቅሬው (የወሎ እድር ማለት ነው) ቀብሩንም ሰርጉንም ጠቡንም አብሮ ይሸከማል፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ሆነው ሰው የሚቀብሩበት ቀዬ ነው። የሱቅ መስታወት ተሰበረ ብሎ ይሄን ሁሉ መርገጥ የሚፈልግ ሰው የለም፣ እኔም አልመክርም።

እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ ነው። መጀመሪያ አቤቱታችሁን አስመዝግቡ፣ ከዚያ ለእርቅ ቁጭ በሉ። በግል አቤቱታ የሚሄድ ጉዳይ ስለሆነ እርቁ ሲያልቅ አቤቱታችሁን መተው ትችላላችሁ። ሽማግሌዎቹንም በግልጽ ንገሯቸው፦ "አባቶቼ፣ እናንተን ሳልሰማ አልሄድም፤ ቀኑ እንዳያልፍብኝ ግን አስመዝግቤያለሁ።" ይሄን ሰምተው የተቀየሙ ሽማግሌ አልገጠመኝም። እንዲያውም አጥፊው ወገን ቶሎ ይመጣል፣ ሽማግሌዎቹም ስራቸው ይቀላል።

እርቁ ሲያልቅ ወረቀት ላይ አስፍሩት። ማን፣ ምን እንዳበላሸ፣ ስንት ብር፣ በስንት ቀን እንደሚከፍል፣ የሽማግሌዎቹ ስምና ፊርማ። የፍትሐ ብሔር ህጉ ከአንቀጽ 3307 ጀምሮ ለግልግል ስምምነት ቦታ ሰጥቶታል፣ ስለዚህ ወረቀቱ ባዶ ወረቀት አይደለም። እና እባካችሁ፣ ብሩ እጃችሁ ሳይገባ አቤቱታውን አታንሱ። ግማሹን ከፍሎ "ቀሪውን ለመውሊድ" ያለ ሰው፣ አቤቱታው ከተነሳ በኋላ መውሊዱ አይደርስለትም።

ማን እንደሰበረው አላየሁም። ልሂድ ወይስ ምን ዋጋ አለው?

ሂዱ። ያልታወቀ ሰው ላይም ማመልከት ይቻላል። ከመጥረጋችሁ በፊት ግን ፎቶና ቪዲዮ አንሱ፣ ከሩቅም ከቅርብም፣ ታፔላችሁ እንዲታይ አድርጋችሁ። ድንጋዩ ውስጥ ከተገኘ በእጃችሁ አታንሱት። ከፊት ለፊት ካፌ ወይም ባንክ ካለ ካሜራቸው ወደ እናንተ ያይ እንደሆነ ጠይቁ፣ ዛሬውኑ፤ ብዙው ካሜራ ከጥቂት ቀን በኋላ የድሮውን እያጠፋ አዲስ ይቀዳል። ቅጂውን እናንተ ባይሰጧችሁ እንኳ ፖሊስ እንዲጠይቅ ታሳስባላችሁ። ጥበቃውን፣ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚሄዱትን፣ ዳቦ ቤቱ ልጆች ሌሊት ስለሚሰሩ እነሱን ጠይቁ።

ድሮ እኛ ዘንድ አውጫጭኝ ነበር። ሀገሬው ተሰብስቦ ያየ እስኪናገር አይበተንም። ዛሬ በዚያ ብቻ ሰው ጥፋተኛ ተብሎ አይቀጣም፤ ጥፋተኛ የሚለው ፍርድ ቤት ነው። ግን የቅሬው ስብሰባ ላይ ነገሩን አንስታችሁ "ያየ ይንገረኝ" ማለት ምንም አይከለክላችሁም፣ ምስክር የሚገኘውም እንደዛ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ጎረቤት ነጋዴ ላይ የቆየ ቂም ስላላችሁ ብቻ ስሙን አትጥሩ። ሰውን ንጹህ መሆኑን እያወቁ መወንጀል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። "እጠረጥረዋለሁ፣ ምክንያቱም ባለፈው ሳምንት እንዲህ ብሎ ዝቶብኛል" ማለት ሌላ፣ "አይቼዋለሁ" ማለት ሌላ። ያላያችሁትን አየሁ አትበሉ።

የሰበሩት የሰፈር ልጆች ናቸው። ልጅ ይከሰሳል?

እንደ ዕድሜው ነው። ከ9 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፣ አንቀጽ 52። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ይጠየቃል፣ ነገር ግን እንደ አዋቂ አይታሰርም፤ ተግሳጽ፣ ክትትል ያለበት ትምህርት፣ ከባሰም ወደ ጠባይ ማረሚያ መላክ የመሳሰሉ እርምጃዎች ናቸው ያሉት። ከ15 እስከ 18 ያለው በመደበኛው ህግ ይዳኛል፣ ፍርድ ቤቱ ግን ዕድሜውን አይቶ ያቀልለታል።

ካሳው ግን ልጅ በመሆኑ አይቀርም። የፍትሐ ብሔር ህጉ አንቀጽ 2124 አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባቱ እንዲከፍል ያደርጋል። ስለዚህ ኳስ ሲጫወቱ ሳይሆን አስበው የወረወሩ ልጆች ከሆኑ፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማንኳኳው የአባትየውን በር ነው። በሰላም፣ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር። አብዛኛው አባት አፍሮ ይከፍላል። ያልከፈለ እንደሆነ ህጉ አለ።

የሰበረው አከራዬ ነው። ቤቱ የራሱ ነው፣ ምን ልለው እችላለሁ?

ይሄ ደሴም ኮምቦልቻም እየበዛ ነው። ኪራይ ጨምር ይላል፣ አልችልም ይባላል፣ አንድ ጠዋት በሩ ተነቅሎ ዕቃው ውጭ ተደርድሮ ይገኛል። አከራዩም "የራሴን በር ነው የነቀልኩት" ይላል።

ሁለት ነገር ለይታችሁ እዩ። መደርደሪያው፣ ፍሪጁ፣ ሸቀጡ የእናንተ ነው፣ እሱን ከሰባበረ የሌላን ሰው ንብረት ነው ያበላሸው፣ ምንም ክርክር የለውም። በሩና ግድግዳው ደግሞ የሱ ቢሆንም እናንተ በውል የመጠቀም መብት አላችሁ። አንቀጽ 689 የባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የመጠቀም መብት ያለውንም ሰው ጥቅም ይጠብቃል። ተከራይን ማስወጣት የሚቻለው በውሉና በፍርድ ቤት እንጂ በመዶሻ አይደለም። የኪራይ ውላችሁ በጽሑፍ ከሌለ የከፈላችሁበትን የባንክ ደረሰኝ ወይም የቴሌብር መልእክት ያዙ፣ ተከራይ መሆናችሁን ያሳያል።

ደንብ አስከባሪ በመንግስት ትዕዛዝ ያፈረሰው ሲሆን መንገዱ ሌላ ነው። ትዕዛዙን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቅሬታችሁን ለከተማው አስተዳደር አቅርቡ።

ሱቁ የእህቴ ነው፣ እሷ ጅዳ ናት። እኔ ማመልከት እችላለሁ?

ስንት የወሎ ሱቅ የተከፈተው በዐረብ ሀገር ላብ እንደሆነ የምታውቁት ነው። አንዷ እህት እዚያ ሰው ቤት ትሰራለች፣ እዚህ ወንድሟ ይነግዳል። ሱቁ ሲሰበር እሷ ደውላ ታለቅሳለች፣ እሱ ጣቢያ ሄዶ "ባለቤቷ ትምጣ" ይባላል።

ውክልና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በወንጀል ማመልከትን፣ ካሳ መጠየቅንና መታረቅን የሚጨምር ውክልና ከአሁኑ ይኑራችሁ፤ እዚያ ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ ይላካል። ወረቀቱ እስኪመጣ ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ሱቁን የያዛችሁት፣ ዕቃውን የምታንቀሳቅሱት እናንተ ከሆናችሁ በራሳችሁ ስም እንደ ተጎጂ ቅረቡ፤ ውስጥ ካለው ዕቃ በገንዘባችሁ የገዛችሁት ካለ ደግሞ እሱን ለይታችሁ ጥቀሱ። 3 ወሩ ለጅዳም ለደሴም እኩል ነው የሚቆጥረው።

እጅ ከፍንጅ ይዤው ሁለት ሦስት በጥፊ ባቀምሰውስ?

አታድርጉት። እየሰበረ ሳለ ማስቆም፣ ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ይቻላል። አንቀጽ 78 ስለ ህጋዊ መከላከል ሲናገር የመከላከሉ መጠን ከጥቃቱ ጋር እንዲመጣጠን ይፈልጋል። ተይዞ፣ እጁን ሰጥቶ፣ ቁጭ ካለ በኋላ የሚመታ ዱላ መከላከል አይባልም። ያኔ እናንተ ተከሳሽ ትሆናላችሁ፣ እሱ ተበዳይ ይሆናል፣ መስታወቱም ይረሳል። እንዳይጠፋ ብሎ መጋዘን ውስጥ ቆልፎ ማሳደርም እንደዚያው ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ህገ መንግስቱ አንቀጽ 19 ላይ ይላል፣ ስለዚህ ቶሎ አስረክቡ።

ሰብረው ዕቃም ወስደዋል። እሳት ለመለኮስም ሞክረዋል።

ይሄ ከንብረት ጉዳት አልፏል። ዕቃ ከተወሰደ ስርቆት ነው፣ ሰብሮ መግባት ሲኖርበት ደግሞ ከባድ ስርቆት የሚባለው አንቀጽ 669 ይመጣል። ተራ ስርቆት እንኳ በአንቀጽ 665 ከቀላል እስራት አልፎ ነገሩ ከከበደ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። ስርቆት የእናንተን የግል አቤቱታ የሚጠብቅ ወንጀል አይደለም፤ መንግስት ራሱ ይከሳል። ስለዚህ የጠፋ ነገር ካለ፣ 3 የሞባይል ካርድ ፓኬት እንኳ ቢሆን፣ ተናገሩ። "ትንሽ ነው" ብላችሁ የዘለላችሁት ነገር የጉዳዩን አንቀጽ ይቀይረዋል።

እሳት ሆን ብሎ ማስነሳት በአንቀጽ 494 ለብቻው ተደንግጓል፣ የህዝብ ደህንነትን የሚነካ ነውና። የላሜራና የእንጨት ሱቆች ተደጋግፈው በቆሙበት ገበያ አንዱ ሲነድ መስመሩ በሙሉ ነው የሚሄደው። ሙከራውም ያስቀጣል፣ አንቀጽ 27። የተቃጠለ ጨርቅ ወይም የጋዝ ጠርሙስ ካገኛችሁ ባለበት ትታችሁ ፖሊስ ጥሩ።

ግድግዳዬ ላይ ሃይማኖቴን የሚሰድብ ነገር ጽፈውበታል።

ቀለሙ ራሱ ንብረት ማበላሸት ነው። ጽሑፉን ወይም ፎቶውን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ለጥፎ ጥላቻ የሚያሰራጭ ሰው ደግሞ በጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይጠየቃል፤ ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ነው፣ በንግግሩ የተነሳ ጥቃት ከደረሰ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት። ፎቶ አንስታችሁ ለፖሊስ ስጡ፣ እናንተ ግን አትለጥፉት። ከዚያ በጊዜ ቀቡት። አንድ ባለጌ የጻፈው ነገር ጎረቤትና ጎረቤትን እስኪያጣላ ግድግዳ ላይ አይቆይ።

ባጃጅ ሱቄ ውስጥ ገባብኝ። ይሄስ?

"አስቦ" ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ፍሬን እምቢ ብሎት ከሆነ የገባው በአንቀጽ 689 አይከሰስም። ካሳ ግን ይከፈላል። የተሽከርካሪውን የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ጠይቁ፣ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ሪፖርት ሳይጽፍ ባጃጁን አትልቀቁ።

ካሳዬን እንዴት ነው የማገኘው?

የፍትሐ ብሔር ህጉ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ይካስ ይላል። ጥያቄውን ከወንጀል ክሱ ጋር አያይዛችሁ እንዲታይላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ፣ የወንጀል ህጉ አንቀጽ 101 ይፈቅዳል። ለብቻው በፍትሐ ብሔር መክሰስም ይቻላል፤ እዚያ ደግሞ በአንቀጽ 2143 መሰረት በመደበኛው 2 ዓመት ነው ያላችሁ።

ዋናው ችግር ማስረጃ ነው። ነጋዴዎቻችን ደረሰኝ አይዙም። ፍርድ ቤት "ስንት ነው ጉዳቱ?" ሲል "ወደ 40,000 ገደማ" የሚል መልስ ብዙ አያስኬድም። የመስታወት ቤቱን የዋጋ ማቅረቢያ በጽሑፍ አስወጡ፣ የበር ሰሪውንም። የተበላሸውን ዕቃ አንድ በአንድ ጻፉ፣ በዚያ ቀን፣ ሁለት ሰው አስፈርሙበት። ሱቁ የተዘጋባቸው ቀናት ያሳጣችሁ ገቢም ጉዳት ነው፣ ለዚህ ግን የዕለት ሽያጭ የምትጽፉበት ደብተር ያስፈልጋል። ደብተር ከሌላችሁ ዛሬ ጀምሩ።

ኢንሹራንስ ያላችሁ ደግሞ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ። የእሳት ዋስትና ገዝቶ ድንጋይም የሚሸፍንለት የሚመስለው ብዙ ነው። የሁከትና የተንኮል ጉዳት ሽፋን በአብዛኛው በተጨማሪ ክፍያ የሚገባ ነው።

በ2014 በጦርነቱ ጊዜ የወደመው ሱቄስ?

ከጥቅምት 2014 ጀምሮ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሆነውን ያየ ሰው ይሄን ጥያቄ በቀላሉ ሊመልሰው አይችልም። ስንቱ የ20 ዓመት ድካሙን በአንድ ሳምንት አጣ። በህግ በኩል የጦርነት ጊዜ ዝርፊያ በወንጀል ህጉ አንቀጽ 273 ለብቻው የተደነገገ ነው፣ የጎረቤት መስታወት ሰበራ ዓይነት ጉዳይ አይደለም። መደበኛ የኢንሹራንስ ውል ደግሞ ጦርነትን ከሽፋኑ ያወጣዋል። በ2016 ሚያዝያ የጸደቀው የሽግግር ፍትህ ፖሊሲ ለተጎጂዎች ካሳንም ይጠቅሳል። ያኔ ያስመዘገባችሁትን ዝርዝር፣ የቀበሌውን ወረቀት፣ ፎቶውን አትጣሉት። ኮፒውን ሌላ ቤት አስቀምጡ።

ፖሊስ "ይሄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂድ" ብሎ መለሰኝ። አበቃ ማለት ነው?

አላበቃም። በትህትና "አስቦ ነው ያበላሸው፣ አንቀጽ 689 ነው፣ አቤቱታዬን መዝግቡልኝ" በሉ። በቃል ብቻ አትመለሱ፣ በጽሑፍ ስጡ። ማመልከቻው አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ስማችሁ፣ ሱቁ ያለበት ቦታ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ምን እንደተበላሸና ግምቱ፣ የምታውቁት አድራጊ ካለ ስሙ፣ ምስክሮች፣ መጨረሻ ላይ "በወንጀል ተጠያቂ እንዲሆንልኝ አመለክታለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር። በሁለት ኮፒ አድርጉት፣ አንዱ ላይ ቀንና ማህተም አስደርጉ። በ3 ወሩ ውስጥ ማመልከታችሁ የሚታወቀው በዚያ ቀን ነው።

እምቢ ካሉ ወደ ወረዳው ወይም ከተማው ፍትህ ጽሕፈት ቤት ሂዱና ዐቃቤ ህግ አነጋግሩ። ዐቃቤ ህጉም ማስረጃው አይበቃም ብሎ ክስ አልመሰርትም ካለ፣ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ህግ አንቀጽ 44 በግል አቤቱታ ለሚያስቀጡ ጉዳዮች መፍትሄ አስቀምጧል፦ ራሳችሁ የግል ክስ እንድታቀርቡ በጽሑፍ ፈቃድ ሊሰጣችሁ ይገባል። ይሄን መጠየቅ እንደሚቻል የሚያውቅ ነጋዴ ጥቂት ነው። ፈቃዱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ የመዝገብ ቁጥሩን ያዙ፣ የግል ክሱን ከማቅረባችሁ በፊት ግን ጠበቃ ይየው፤ አቅም ከሌላችሁ ዩኒቨርሲቲዎች የህግ ትምህርት ቤት ሲኖራቸው ነጻ የህግ ድጋፍ የሚሰጡበት ማዕከል አብዛኛውን ጊዜ አላቸውና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሄዳችሁ ጠይቁ።